ብሩሽ ወይስ ማረሚያ? የደጋ ከተማ ፎቶ ቤትና የሶፍትዌር ምርጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር ሙሉ ቃል)



ሮብ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ እንደሚመሰክረው የከተማነቷ መሠረት ገበያዋ ነው። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ገብሱንና ድንቹን፣ በጉንና ሱፉን ይዞ የሚወጣው ገበሬ ሸጦና ሸምቶ ወደ ቀዬው ከመመለሱ በፊት ጎራ ከሚልባቸው ቤቶች አንዱ ፎቶ ቤት ነው። አንዱ ለልጁ ትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሌላው የሠርግ ፎቶግራፉን ይቀበላል፤ ሦስተኛው ሱቅ ከፍቶ የበር ማስታወቂያ ያሠራል፤ አራተኛው ለንግሥ በዓል የሚሰቀል ባነር ያዝዛል፤ አምስተኛዋ ደግሞ የሞተ አባቷን አሮጌ ጉርድ ፎቶግራፍ ከመሐረቧ ጫፍ ፈትታ አውጥታ «ይህን አድሱልኝ» ትላለች።

ይህን ሁሉ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ አንድ ባለሙያ ሲሆን፣ ያለውም አንድ ካሜራ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማተሚያ ነው። በመሆኑም ከትልልቅ ከተሞች ይልቅ በትንሿ ከተማ ውስጥ አንድ ጥያቄ ገንኖ ይታያል። ይኸውም፦ ይህ ባለሙያ ገንዘቡንና የመማሪያ ጊዜውን የሚያውለው በሥዕል መሣያ ሶፍትዌር ላይ ነው ወይስ በፎቶግራፍ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ? ጥያቄው የዋጋና የምቾት ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ከሙያው ሥነ ምግባር ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ንግግር ዓላማም ሁለቱን የመሣሪያ ዓይነቶች ለይቶ ማሳየት፣ እያንዳንዱ ሥራ የትኛውን እንደሚጠይቅ ማመልከት፣ በመጨረሻም ምርጫው የሚመራበትን አንድ መስፈርት ማቅረብ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሁለት ሙያዎች ልዩነት

የምሥራቅ ጎጃም ምድር ለዚህ ልዩነት እንግዳ አይደለችም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም የመሳሰሉት ጥንታውያን ገዳማትና አድባራት የሚገኙት በዚሁ አውራጃ ነው። የብራና መጽሐፍ ሲዘጋጅ ቁም ጸሐፊና ሠዓሊ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አልፎ አልፎ አንድ ሰው ሁለቱንም ቢሠራም እንኳ ሥራዎቹ አይምታቱም። ጸሐፊው ከፊቱ የተዘረጋ ዋና ቅጂ አለው፤ ከዚያ ይገለብጣል፤ የተሳሳተውን ፊደል በምላጭ ፍቆ ያርማል። የሥራው ጥራት የሚለካውም ለቅጂው ባለው ታማኝነት ነው። ሠዓሊው ግን ከባዶ ብራና ይነሣል። ወጉንና ሥርዓቱን ተከትሎ ጻድቁን ከፊት ለፊት፣ ኃጢአተኛውን በጎን ይሥላል፤ ዓይኑን ከልክ በላይ ያተልቃል። ማንም «የሰው ዓይን እንዲህ አይተልቅም» ብሎ አይከስሰውም፤ ምክንያቱም ሥዕሉ መልክን ለመመዝገብ አልተሣለም።

በኮምፒዩተር ላይ ያሉት ሁለት የሶፍትዌር ዓይነቶችም በመሠረቱ እንዲሁ ናቸው። የፎቶግራፍ ማስተካከያው ቀድሞ ከነበረ ነገር ይነሣል። ብርሃን በካሜራው ውስጥ አልፎ ያስቀመጠው ምስል አለ፤ ባለሙያው ያንን ያርማል፣ ያጠራል፣ ያመዛዝናል። የመሣያው ሶፍትዌር ግን የሚነሣው ከባዶ ገጽ ነው። እያንዳንዱ መስመርና እያንዳንዱ ቀለም የሚመጣው ከሠዓሊው እጅ ነው።

፪. የመሣሪያዎቹ አነሣሥ

የሶፍትዌሮቹ ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። ቶማስ ኖል የተባለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ በ1987 በኮምፒዩተሩ ላይ ምስልን ከነግራጫ ደረጃው ለማሳየት የሚያስችል ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ወንድሙ ጆን ኖል ደግሞ የፊልም ትርኢታዊ ብልኃት በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ያገለግል ስለ ነበር የፕሮግራሙን ጥቅም ወዲያውኑ ተረዳ። ከዚህ የተነሣው ፎቶሾፕ በ1990 በአዶቢ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ ቀረበ። ሌየር የሚባለው፣ ምስልን በተደራረቡ ግልጽ ገጾች ላይ ለየብቻ የማስቀመጥ ዘዴ የተጨመረለት በ1994 ነበር። በ1996 ደግሞ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጊምፕን በነጻ ለሕዝብ አቀረቡ።

በሌላው ወገን በ1991 የወጣው ፔይንተር የተባለው ፕሮግራም ዓላማው የዘይት ቀለምን፣ የከሰልንና የውሃ ቀለምን ጠባይ በኮምፒዩተር ላይ መቅዳት ነበር። ዓላማውንም ለማስረዳት በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ ይሸጥ ነበር። ክሪታ የተባለው ነጻ የመሣያ ፕሮግራም በ2005 ለተጠቃሚዎች ቀርቦ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ መጥቷል። ስሙም በስዊድንኛ ጠመኔ ወይም የቀለም እርሳስ ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ወገን ከፎቶግራፍ ጨለማ ክፍል፣ ሌላው ከሠዓሊ ቤት መወለዱን እነዚህ ታሪኮች ይመሰክራሉ።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለቱ ወገኖች ዛሬ ብዙ መሣሪያ ስለሚጋሩ ነው። በፎቶሾፕ ብሩሽ አለ፤ በክሪታም ብርሃንን ማስተካከያ አለ። ሁለቱም የሚሠሩት ፒክሰል በሚባሉ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ነው። በዚህ የተነሣ ብዙ ወጣት ባለሙያ «አንዱን ካወቅሁ ሁሉን አወቅሁ» ይላል። መጥረቢያም ቢላዋም ብረት ናቸው፤ ነገር ግን በመጥረቢያ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ በቢላዋም ጉቶ የሚፈልጥ የለም።

፫. ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ሀ. ጉርድ ፎቶግራፍና የዕለት ተዕለት ሥራ። ይህ ሙሉ በሙሉ የማስተካከያው ድርሻ ነው። የሚያስፈልገው መጠንን መቁረጥ፣ ብርሃንን ማመዛዘን፣ የቀለም ሚዛንን መጠበቅና በካሜራው የምስል ዳሳሽ (ሴንሰር) ላይ ያረፈ አቧራ ያስከተለውን ነጥብ ማጥፋት ነው። በመዳፊት ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ የሥዕል ታብሌት አይጠይቅም። በደጋው ብርቱ ፀሐይ የሚነሣ ሰው የለበሰው ነጭ ጋቢ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ይነጣል። በተለመደው የፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት፤ ነጩ ጫፍ ላይ ከደረሰ የሸማው ድርና ማግ ጠፍቷል፤ የትኛውም ማስተካከያ አይመልሰውም። ካሜራው ጥሬ ፋይል እንዲያስቀምጥ ከተደረገ ግን ደረጃዎቹ 4096 ወይም 16384 ይሆናሉ፤ የጋቢው ሽመና ሊተርፍ የሚችለውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ፈውሱ ያለው በማንሣቱ ጊዜ ነው። ከጠፋ በኋላ በብሩሽ የተሣለ ሽመና የጋቢው ሽመና አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል ያስፈልጋል። በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር ላይ ያሉ «ፊት አሳማሪ» የሚባሉ አውቶማቲክ ማስተካከያዎች የጠይም ሰውን ፊት ያነጣሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በቀለም ፊልም ዘመን የምዕራብ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚመዝኑበት መለኪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር። ጠይሙን ጠይም፣ ቀዩን ቀይ አድርጎ ማተም የማስተካከያ ሙያ የመጀመሪያ ፈተና ነው። ባለሙያው የማሽኑን ፍርድ ሳይሆን ከፊቱ የቆመውን ሰው ማመን ይኖርበታል።

ለ. የሠርግ ሥራ። በዚህም ማስተካከያው ይቀድማል። የተለያዩ ፎቶግራፎችን በአንድ ገጽ ማቀናጀት፣ ከበስተኋላ ያለውን ግድግዳ በሌላ መለወጥ የተለመደ ነው። ሙሽሮቹን በፏፏቴ ዳር ወይም በማያውቁት አደባባይ ማቆምም የቀድሞው የስቱዲዮ መጋረጃ ተተኪ ስለሆነ ማንንም አያታልልም፤ ሁሉም ጌጥ መሆኑን ያውቃል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ምስሎች ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ የመጣ ካልሆነ ጥላው ይመሰክርበታል። ጥላን መመልከት ደግሞ ከሠዓሊ የሚቀሰም ዕውቀት ነው።

ሐ. ባነርና የበር ማስታወቂያ። እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ባነር በአንድ ኢንች 100 ነጥብ ቢዘጋጅ 7874 በ3937 ፒክሰል፣ ማለትም ወደ 31 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ አራት ባይት ቢወስድ አንድ ሌየር ብቻውን 124 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ አሥር ሌየር ከሆነ ከ1.2 ጊጋባይት ያልፋል። በአራት ጊጋባይት ራም የሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር በዚህ ጊዜ ማቃሰቱ አይቀርም። ስለዚህ ፊደልና ቀላል ቅርጽ ብቻ ያለበትን ማስታወቂያ ከሁለቱም ውጭ በሆነ ሦስተኛ ዓይነት፣ መስመርን በነጥብ ሳይሆን በስሌት በሚይዝ ፕሮግራም መሥራቱ ይሻላል። ኮሬል ድሮውና ነጻው ኢንክስኬፕ ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። ፊደሉ የቱንም ያህል ቢተልቅ ጠርዙ አይሻክርም፤ ፋይሉም ቀላል ነው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ጽሑፍ፣ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ባነሩ የሚታተመው ብዙውን ጊዜ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ትልቅ ከተማ በመሆኑ፣ ፋይሉን ከመላክ በፊት ፊደሉን ወደ ቅርጽ መለወጥ የአንድ ቀን መንገድና የአንድ ባነር ኪሳራ ያድናል።

መ. ሐረግ፣ ጥለትና ሥዕል። የመሣያው ሶፍትዌር መንግሥት ይህ ነው። የብራና መጽሐፍ መክፈቻን የሚያስጌጠው ሐረግ በቀኝና በግራ ተመሳስሎ የሚጠላለፍ ነው። ክሪታ ውስጥ አንድ መስመር ሲሣል ጓደኛው በመስታወት እንደሚታይ በሌላው ወገን አብሮ የሚሠራበት መሣሪያ አለ። የነጠላና የቀሚስ ጥለትም ራሱን እየደጋገመ የሚሄድ ነው። በዚሁ ፕሮግራም የገጹ ቀኝ ጫፍ ከግራው ጋር ተጋጥሞ እንዲታይ ማድረግ ስለሚቻል፣ ሸማኔው ሊያየው የሚችል የጥለት ንድፍ መገጣጠሚያው ሳይታወቅ ይወጣል። የተቀመመ ቀለም በብሩሽ ላይ እንደሚደባለቅ፣ እጅ ሲጫን መስመሩ እንደሚወፍር፣ ሲለቅቅ እንደሚሳሳ ለማድረግ ግን ግፊትን የሚያውቅ የሥዕል ታብሌት ያስፈልጋል። በመዳፊት ሥዕል መሣል ጓንት አጥልቆ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት እንደ መሞከር ነው። ሌላው ጥቅም የኅትመት ቀለምን ይመለከታል። ማተሚያ ቤት በአራት ቀለም ሲያትም ክሪታ በቀጥታ በዚያው የቀለም ሥርዓት መሥራት ይችላል፤ ጊምፕ ግን የሚሠራው በመሠረቱ በብርሃን ቀለማት፣ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ነው። ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ማሽን ይኸው የብርሃን ቀለም ስለሚበቃ፣ ለፎቶ ቤት የዕለት ሥራ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

፬. የሟች ፊት

ከላይ የተዘረዘሩት ሥራዎች ቢበላሹ የሚጠፋው ቀለምና ወረቀት ነው። አምስተኛዋ ባለ ጉዳይ ይዛው የመጣችው ግን ሌላ ነው። ሦስት በአራት ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከመታወቂያ ደብተር ላይ የተላቀቀ፣ በመካከሉ የታጠፈ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው እንበል። እጥፋቱ በቀኝ ዓይን ላይ አልፏል፤ የአፉም ጫፍ በእርጥበት ተበልቷል። ከዚህ በቀር የአባቷ መልክ የተመዘገበበት ነገር በዓለም ላይ የለም። የምትፈልገው ለተዝካሩ ቀን በቤቷ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሠላሳ በአርባ ሴንቲሜትር የሆነ ምስል ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ይህ ጉርድ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በስካነር ቢነበብ 354 በ472፣ ወደ 167 ሺህ ነጥብ ብቻ ይሰጣል። የሚፈለገው መጠን ግን 3543 በ4724፣ ወደ 16.7 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ይህ ማለት በታተመው ምስል ውስጥ ካሉት 100 ነጥቦች 99ኙ ኮምፒዩተሩ ከጎረቤቶቻቸው ገምቶ የፈጠራቸው ይሆናሉ ማለት ነው። በ1200 ነጥብ ቢነበብ ግን ወደ 2.7 ሚሊዮን ነጥብ ስለሚገኝ ግምቱ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ከሶፍትዌር ምርጫ በፊት የሚመጣ ነው፦ አሮጌ ፎቶግራፍ ሁልጊዜ በከፍተኛ ጥራት ይነበብ፤ የተነበበውም ፋይል ሳይነካ ለብቻው ይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ንጹሕ ማስተካከያ ነው። በእጥፋቱ ግራና ቀኝ ያለው ቆዳ ስላልጠፋ፣ ከዚያው ፊት ላይ ጤነኛውን ክፍል ወስዶ በተሰነጠቀው ላይ መለበጥ ይቻላል፤ የደበዘዘውም ተቃርኖ ይመለሳል። ሁለተኛው ማስተካከያና ሥዕል የተቀላቀሉበት ነው። የጠፋውን የአፍ ጫፍ ከሌላ ቦታ መውሰድ ስለማይቻል ባለሙያው ይሥለዋል። ሦስተኛው ፎቶግራፉን እንደ መነሻ አይቶ ከባዶ ገጽ ሙሉ ሥዕል መሣል ነው።

ሦስቱም የተከበሩ መንገዶች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛውም ሁለተኛውን መስሎ ሲቀርብ ነው። ባለሙያው የግራውን ዓይን ገልብጦ በቀኝ በኩል ቢያስቀምጠው ምስሉ ያምራል፤ ባለቤቷም ትመርቀዋለች። ነገር ግን የአባቷ ቀኝ ዓይን ጠበብ ያለ ከነበረ፣ ወይም ከበላዩ ጠባሳ ከነበረ፣ ያ ምልክት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይጠፋል። ልጆቿ አያታቸውን የሚያውቁት ከግድግዳው ላይ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እርሷ ራሷ የምታስታውሰው የተሠራውን ፊት ይሆናል። ፎቶግራፍ የማስታወስ ምስክር ነው፤ ምስክሩ የፈጠራ ቃል ሲጨምር ማንም በመስቀለኛ ጥያቄ ሊያጋልጠው አይችልም፤ ሟቹ አይናገርምና።

በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን የነበሩት ባለሙያዎች ይህን ፈተና ያውቁት ነበር። በሌጣው ፊልም ላይ በቀጭን እርሳስ የፊትን ጉድፍ ይሸፍኑ፣ በታተመውም ላይ በእጅ ቀለም ይቀቡ ነበር። ይሁን እንጂ እጅ የቀባው ቀለም እጅ እንደ ቀባው ይታይ ነበር፤ ተመልካቹም ፎቶግራፉ የት አብቅቶ ቀለሙ የት እንደ ጀመረ ለይቶ ማየት ይችል ነበር። የዛሬው ሶፍትዌር የወሰደው ይህን ድንበር ነው።

ትልልቆቹም በዚሁ ተሰናክለዋል። በየካቲት 1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው ታዋቂ መጽሔት የግብፅን የጊዛ ፒራሚዶች ፎቶግራፍ በቁመት ሽፋኑ ላይ ለማስገባት ሲል ፒራሚዶቹን በኮምፒዩተር አቀራረባቸው። ፎቶሾፕ ገና አልተወለደም ነበር። ለውጡ ትንሽ ቢሆንም በጋዜጠኝነት ዓለም ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ ምክንያቱም አንባቢው የተማመነው በፎቶግራፍነቱ ነበር። በ2023 ደግሞ በፎቶሾፕ ውስጥ፣ በጽሑፍ የታዘዘውን ነገር በምስሉ ላይ ራሱ ፈጥሮ የሚሞላ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ገባ። ይህ መሣሪያ የጠፋውን አፍ በአንድ ትእዛዝ ይሞላዋል። የሚሞላው ግን ከሌሎች ብዙ ሰዎች ፊት በተማረው መጠን እንጂ ከሟቹ ፊት አይደለም። በዚህም የተነሣ ማስተካከያና ሥዕል የሚለያዩበት መስመር በሶፍትዌሩ ስም ሊታወቅ አይችልም፤ መስመሩን መጠበቅ የባለሙያው ኃላፊነት ሆኗል።

ሕጉም ለሰው ምስል ክብር ሰጥቷል። በ1952 ዓ.ም. (በ1960) የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ በመርሕ ደረጃ ይደነግጋል። ስለዚህ የሙሽሪት ወይም የሟች ምስል ተስተካክሎ ባማረ ቁጥር በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ለማስታወቂያ መስቀል የባለሙያው መብት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም።

፭. ስለ ዋጋና ስለ ትምህርት ቅደም ተከተል

ፎቶሾፕ ጠንካራና ብዙ መምህር ያለው ሶፍትዌር ነው። ይሁን እንጂ ከ2013 ወዲህ አዳዲሶቹ እትሞቹ የሚገኙት በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ፈቃዱም በየጊዜው በኢንተርኔት መረጋገጥ አለበት። ለአንዲት የደጋ ከተማ ፎቶ ቤት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው በተሰበረ ፈቃድ የሚሠራ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላል። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 410/2004 የቅጂ መብት ጥበቃን ለፎቶግራፍም ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም ይሰጣል። የራሱን ፎቶግራፍ ሌላው ገልብጦ ሲሸጥበት የሚቆጣ ባለሙያ፣ የሌላውን ድካም በነጻ ሲወስድ ቃሉ ክብደት ያጣል። ከዚህም በላይ በእንዲህ ያለ ቅጂ ውስጥ የሚሸሸግ ቫይረስ የደንበኞችን ፎቶግራፍ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ ይችላል።

ጊምፕና ክሪታ ግን ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር በተወረደ ጊዜ በፍላሽ ተይዘው ሊመጡ ይችላሉ። በመሆኑም «አንዱን ብቻ እንምረጥ» የሚለው ግዴታ በገንዘብ በኩል ቀልሏል። የቀረው ውድ ነገር ጊዜ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መማር ደግሞ ሁለቱንም በግማሽ ማወቅ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። የፎቶ ቤት ባለሙያ አስቀድሞ ማስተካከያውን ይማር፤ የዕለት እንጀራው ከዚያ ነውና። በመጀመሪያ ብርሃንንና የቀለም ሚዛንን፣ ቀጥሎ ሌየርን፣ ከዚያ በኋላ የተሰነጠቀን ማደስን ይልመድ። የበር ማስታወቂያ የሚበዛበት ከሆነ ኢንክስኬፕን ይጨምር። የመሣያውን ሶፍትዌር የሚይዘው ግን በወረቀትና በእርሳስ መሣል ሲጀምር ይሁን፤ ሶፍትዌር የማይሥልን ሰው ሠዓሊ አያደርግምና። በአንጻሩ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እግር ሥር የተማረ፣ ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከመሥራቹ ከአለ ፈለገ ሰላም ስም በተጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለፈ ወጣት ከክሪታ ቢጀምር ያዋጣዋል፤ እጁ አስቀድሞ የሚያውቀውን ሥራ እዚያ ያገኛልና። በኢትዮጵያ ሠዓሊና ፎቶግራፍ አንሺ በአንድ ሰው ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ አይዳ ሙሉነህ አሳይታለች። የሰውን ገላና ፊት በቀለም ቀብታ ፎቶግራፍ ስታነሣ ሥዕሉ ከካሜራው በፊት ተሠርቶ ያልቃል፤ ተመልካቹም የሚያየው ምን እንደሆነ ያውቃል።

፮. መደምደሚያ

አንዳንዶች «ደንበኛው የሚሻው ማማሩን ነው፤ ዓይን ተገለበጠ አልተገለበጠ ምን ገደደው?» ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ሐዘንተኛን ማጽናናት የፎቶ ቤት ሥራ አካል ነው፤ የተበላ ፊት መልሶ መስጠትም ጭካኔ ይሆናል። መልሱ ግን ሥዕልን መከልከል ሳይሆን መንገር ነው። ባለሙያው «ይህን ያህሉ የአባትሽ ፎቶግራፍ ነው፤ ይህ የአፍ ጫፍ ግን ጠፍቶ ስለ ነበር እኔ ሥዬዋለሁ፤ እስቲ እይው፤ እንዲህ ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቃት ያን ጊዜ ልጅቱ ራሷ ሠዓሊ ትሆናለች። «አይደለም፤ ከንፈራቸው ሳሳ ያለ ነበር» ትላለች፤ ብሩሹም በእርሷ ትውስታ ይመራል። ከማንኛውም ሶፍትዌር ይልቅ የሟቹን መልክ የምታውቀው እርሷ ናትና። ከዚያም በምስሉ ጀርባ ላይ በአጭሩ «ከጉርድ ፎቶግራፍ የታደሰ፤ የአፉ ቀኝ ጫፍ በሥዕል የተሞላ» ተብሎ ከነቀኑ ይጻፍ። ዋናው ጉርድም እንደ ነበረ በፖስታ ታሽጎ ይመለስላት። ይህ ወጪው ጥቂት ቀለም ነው፤ የሚያተርፈው ግን የልጅ ልጅ የሚያምነው ምስል ነው።

እንግዲህ በብሩሽና በማረሚያ መካከል የሚመርጠው ሰው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛው ሶፍትዌር ይበልጣል?» የሚል መሆን የለበትም። «ይህ ሥራ የሚነሣው ከነበረ ነገር ነው ወይስ ከባዶ ገጽ? የሚቀበለውስ ሰው የሚያምነው ምን ብሎ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከነበረ ነገር የሚነሣ ከሆነ ማረሚያውን ያንሣ፤ ለነበረውም ይታመን። ከባዶ ገጽ የሚነሣ ከሆነ ብሩሹን ያንሣ፤ በነጻነትም ይሣል። ሁለቱን መቀላቀል ግድ በሆነበት ጊዜ ደግሞ ድንበሩን በአንደበቱ ይናገር፣ በጽሑፍም ያስቀምጥ። ማኅበሩ ለአባላቱ የሥራ ደንብ ሲያዘጋጅ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም «በሥዕል የተሞላ የፎቶግራፍ ክፍል ለባለቤቱ ይነገራል፣ በጀርባውም ይጻፋል» የምትለው፣ በደንቡ ውስጥ ቦታ ብታገኝ ከአዲስ አበባው ስቱዲዮ እስከ ሮብ ገበያው ፎቶ ቤት ድረስ ሙያውን የምታስከብር ትሆናለች።